ሁለት ክንድ

የላይኛው አገር ንጉሥ በነገሡ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ የበጋው ወራት ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የሁለት መንግሥታት የወንዝ ሙግት በሚሰማበት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ አንድ ተራ ሰው አዲስ ጫማ አድርጎ ተቀምጦ ነበር፤ ጫማው እግሩን ቢጨቁነውም ይበልጥ ያስጨነቀው ግን ከዳኞቹ ፊት የተዘረጋው የገዛ እጁ መዝገብ ነበር።

ይህ ሰው በድንበሩ ላይ የወንዙን ልክ እያየ የሚጽፍ የላይኛው መንግሥት ሎሌ ነው፤ በክንድ ስለሚለካ የሰፈሩ ሰው «አባ ክንዱ» ይለዋል። ከወንዙ ማዶ የታችኛው መንግሥት ያቆመው ሌላ ለኪ ነበር፤ አባ ክንዱም «የማዶው» እያለ ይጠራዋል። የማዶውን የመለኪያ እንጨት ጎርፍ ስለወሰደበት፣ ሹማምንቱ ሌላ እስኪልኩ ተብሎ በሁለቱ መካከል አንድ ልማድ ተጀመረ፤ አባ ክንዱ በየማለዳው የራሱን እንጨት አይቶ በክንዱ ቁጥር ልክ ነጭ ጨርቅ ያውለበልባል፤ የማዶውም ማየቱን ለማስታወቅ አንድ ጊዜ መልሶ አውለብልቦ በመዝገቡ ያሰፍራል። ሹማምንቱ እንጨቱን ሳይልኩ ዐሥር ዓመት አለፈ፤ መቼስ የሹም «ነገ» ረጅም ነው።

ጣጣው የመጣው በድርቁ ዓመት ነው። ውኃው ከእንጨቱ ሸሽቶ ወደ ወንዙ መኻል ገባ፤ እንዲህ ሲሆን ለኪው ጭቃውን ተሻግሮ በዘንግ እንዲለካ ደንቡ ያዝዛል። አባ ክንዱ በመጀመሪያው ቀን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገብቶ፣ መኻል ሳይደርስ እየተራገመ ተመለሰ፤ ከዚያም «መቼስ ሁለት ክንድ አያጣም» ብሎ ከደጃፉ ሆኖ ጨርቁን ሁለት ጊዜ አውለበለበ። በማግሥቱም እንዲሁ፤ እስከ አርባ ቀንም እንዲሁ። ሕመም አልያዘውም፣ ለቅሶም አልገጠመው፤ ሰነፈ፣ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የላይኛው መንግሥት ወንዙን በቦይ ጠልፎ ወደ እርሻው ሊወስድ ተነሣ፤ የታችኛውም «በድርቅ ጊዜ ለእኛ ጠብታ አይቀርም» ብሎ ከሰሰ፤ ነገሩ ከሦስተኛ አገር በተጠሩ ዳኞች ፊት ቀረበ። ሙግቱ ሁሉ ተጨምቆ በአንድ ጥያቄ ላይ ወደቀ፤ በድርቁ ዓመት ወንዙ ስንት ክንድ ነበር? ሁለት ከነበረ ቦዩ ይቆፈራል፤ ካነሰ አይቆፈርም።

የላይኛው መንግሥት ነገረ ፈጅ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ገለጡ። «ክቡራን ዳኞች፤ እነሆ የከሳሽ መዝገብ፣ እነሆ የተከሳሽ። አርባ ቀን፣ አርባ ጊዜ ሁለት ክንድ። ባላጋሮች በአንድ ቃል ከተገኙ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?»

ሽማግሌው የመኻል ዳኛ የማዶውን አስነሡት። «ለክተህ ነው የጻፍኸው?»

የማዶው ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ፣ «እኔስ አልለካሁም፣ ጌታዬ። እንጨቴን ጎርፍ ወስዶታል። ከእሱ ነው የምቀበለው» ብሎ ወደ አባ ክንዱ አመለከተ።

አዳራሹ አጉረመረመ፤ የታችኛው መንግሥት ነገረ ፈጅም ፊታቸው በራ። ዳኛው ግን አልለቀቁትም። «የሰጠህ ሐሰት ቢሆንስ?»

«አይዋሽም፣ ጌታዬ። ዐሥር ዓመት አውቀዋለሁ። በዓይኔማ ውኃው ያነሰ መስሎኝ ነበር፤ ዓይኔን ትቼ እሱን አመንኩ። ከፈለጋችሁ እምልለታለሁ።»

ማለለትም። ዳኛው ወደ አባ ክንዱ ዞሩ። «ሰምተሃል። በእነዚያ አርባ ቀናት ልኩን በዓይንህ አይተሃል?»

አባ ክንዱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። «አላየሁም» የምትለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣች፤ ነገር ግን ከፊት ወንበር የተቀመጡት አለቃው፣ የውኃው ሹም፣ ዓይናቸውን አፍጥጠውበታል፤ ወኅኒ ቤቱም ታየው።

«አዎን፣ ክቡር ዳኛ» አለ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ይህ ግን ወለምታ እንኳ አልነበረም፣ እያወቀ የተናገረው ነው። ዳኞቹም «ባላጋራው የማለለት ምስክር ከምስክር ሁሉ ይበልጣል» ብለው ለላይኛው መንግሥት ፈረዱ። ከደጅ የማዶው ጠብቆት ኖሮ እጁን ዘረጋለት። «እንኳን ደስ ያለህ አልልህም፤ አገሬ ተረትታለች። እውነት ግን እውነት ነው» አለው። አባ ክንዱም ዓይኑን በጨው አጥቦ ጨበጠው። በወሩ ንጉሡ ኒሻን ሰጡት፤ ሚስቱ ከግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ብትል ተቆጥቶ ሣጥን ውስጥ ከተተው።

ቦዩ ከተቆፈረ በኋላ በሦስተኛው ዓመት ድርቁ ተመለሰ። አንድ ማለዳ አባ ክንዱ ዘንጉን ይዞ ሲወርድ፣ የማዶው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ወንዙን በእግሩ ሲሻገር አየው፤ ውኃው ጉልበቱን አልነካም። ከበስተኋላው ማዶ ላይ ጋሪ ተጭኗል፤ ሚስቱም ልጆቻቸውን ይዛ ከጋሪው አጠገብ ቆማለች።

«መንደሩ ሁሉ ለቀቀ፤ እኛም መሄዳችን ነው» አለ የማዶው። «ሹማምንቱ ቦዩ ጨረሰው ይላሉ። አንተ ንገረኝ፣ ወንድሜ፤ ያኔስ? ቦዩ ሳይኖር?»

አባ ክንዱ አንገቱን ደፋ። «ያኔ አልወረድኩም» አለ።

ቁጣ ቢመጣ ለአባ ክንዱ ይቀልለው ነበር፤ ቁጣ ግን አልመጣም።

«እኔ እኮ የገዛ ዓይኔን ነው የካድኩልህ» አለና በመጣበት ተመለሰ።

የዚያ ዘመን ጸሐፍት ሁለት መንግሥታት ደም ሳይፈስ የተዳኙበትን ያን ፍርድ በምሳሌነት ጻፉት፤ ሁለቱም መዝገቦች በመስተዋት ሣጥን ተቀምጠው፣ አርባዎቹ መስመሮች በጥሩ የእጅ ጽሕፈት እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ጋሪ ጭነው የሄዱትን የጻፈላቸው የለም። አባ ክንዱ እስኪሞት ድረስ በየማለዳው እየወረደ፣ ጭቃም ቢሆን እየገባ፣ ልኩን በትክክል ጻፈ፤ ነጩን ጨርቅ ግን ዳግመኛ አላነሣም፤ ከማዶ ሆኖ የሚያምነው ሰው አልነበረምና።