ሳይናገር የሄደው ክላይድ

እኛ አላስካ የምንኖር ሰዎች መንገዳችን አውሮፕላን ነው። ከሱቄ ጀርባ ካለችው ማኮብኮቢያ የሚነሳ ሁሉ ብቅ ይልና «ቬርና፣ እዚህ ቦታ ልሄድ ነው፤ ካመሸሁ ፈልጉኝ» ይለኛል። ሕግ ያወጣው የለም፣ ልማዳችን ነው። እምቢ ያለው ክላይድ ብቻ ነው።

ክላይድ ሚስቱ ኢንግሪድ ከሞተች ወዲህ የሰው ደጅ አይረግጥም። ተፈታትታ በሳጥን በሳጥን የመጣችለትን ትንሽ አውሮፕላን በበረዶው ወራት ጋራዡ ውስጥ ሲገጣጥም ኖረ። ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳውን ክንፍ እንኳ በገመድ አንጠልጥሎ ብቻውን ነው የገጠመው። መቼም እጁ ይባረክ፣ ግሩም ሥራ ነበር። ትንሽ ተንደርድራ ትነሳለች፤ ወንዝ ዳር ያገኘችው ጠጠር ላይ ታርፋለች።

አንድ ቀን ጠዋት ነዳጅ ሲሞላ ደረስኩበት።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ደስ ወዳለኝ።»

«ብትነግረኝ ምን ይጎድልብሃል?»

«የምነግራት ሰው ሞታለች፣ ቬርና። ደግሞ ይቺ የትም ታርፋለች፤ አታስቢ።»

«እኔን ያስጨነቀኝ እሱ አይደል? የትም የምታርፈውን የት ብለን እንፈልጋት?»

ፈገግ ብሎ በሩን ዘጋ። ደሜ ፈላ፤ ግን ምን አደርጋለሁ፣ ሄደ።

በማግስቱ የቤቱ ጭስ ማውጫ አልጨሰም። ጎረቤቶቹ አውሮፕላኖቻቸውን አስነሱ። ትልቅ አውሮፕላን ቢሆን ማረፊያው ይታወቃል፤ የእሱን ግን ከዚያ ሁሉ ወንዝ የትኛው ዳር ላይ ይፈልጉት? ሲነጋ ይወጣሉ፣ ሲመሽ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ። እኔም ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጬ ስሙን ስጠራ እውላለሁ። በረዶው ሲጀምር ግን ፈራሁ።

በመጨረሻ ያገኘው ለአደን የወጣ ሰው ነው፣ ያውም በአጋጣሚ። ሲያርፍ ጎማው ድንጋይ መትቶ አውሮፕላኗ ተገልብጣለች። እግሩ ተሰብሮ እዚያው ሲቆይ ብርዱ ጎዳው፤ ሐኪሞቹም ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ልጠይቀው ሆስፒታል ስሄድ ልቆጣው ተዘጋጅቼ ነበር። ሳየው አንጀቴን በላው፤ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«የሚፈልገኝ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም» አለኝ ግድግዳውን እያየ። «ከዚያ ከተራራው ማዶ የአውሮፕላን ድምፅ ሰማሁ። በነጋታውም ሰማሁ። የእናንተ መሆኑን በሞተሩ ለየሁት። ለእኔ ብለው ነው የወጡት ብዬ አለቀስኩ። ጮህኩ፣ ግን ማን ይሰማኛል? ሌላ ሸለቆ ውስጥ ነበራችሁ፣ ቬርና። የእኔን ሸለቆ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።»

እናንተም ብቻዬን ነኝ፣ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረኛል ብላችሁ በራችሁን የዘጋችሁ ሰዎች፣ እንደ ክላይድ እስክትወድቁ አትጠብቁ። የሚፈልጋችሁ ሰው አለ። እባካችሁ የምትሄዱበትን ንገሩት።