የባሕሩ ሰዓት

እንየው የተገኘው ኮምፒዩተሩ ፊት በግንባሩ ተደፍቶ፣ ማጅራቱን በድጅኖ ተመትቶ ነው። ደሙ ከጠረጴዛው ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ረግቷል። ኮምፒዩተሩ ግን ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ ፍጥረት አይደለምና የሩቅ ባሕር በረዶ ማስላቱን ቀጥሏል። ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. መጋቢት፣ ማክሰኞ ቀን፣ እንጅባራ ዳር ባለች አንዲት የምርምር ቤት ውስጥ ነበር።

ድጅኖው የዘበኛው የቢሻው ነው። ስለዚህ ካቴናው ወዲያው እሱ እጅ ገባ፤ ድሃን ለመጠርጠር ማን ብዙ ይደክማል? ረቡዕ በስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት ሊያቆሙት ተቆረጠ።

ረቡዕ ጧት ዋና ሳጅን ወገኔ ደረሰ። ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎ፣ ራሱ ያሠለጠናቸው ልጆች ኮማንደር ሆነው ሲጠሩት «አቤት» ማለት የለመደ ሰው ነው። ትምህርቱ ትንሽ፣ ዓይኑ ግን የጭልፊት።

አስከሬኑ ተነስቷል። ማሽኑ ክፍል ውስጥ የጠበቀችው ሬሳውን ያገኘችው ባለሙያ ናርዶስ ናት፤ ዓይኗ አብጧል።

«እዚህ ምንድን ነው የምትሠሩት፣ እቴ?»

«ውቅያኖስን በኮምፒዩተር እናሰላለን፣ ጋሼ። ባሕሩን በትንንሽ ሳጥን ከፋፍለን የውሃውን ሙቀት፣ ጨዉን፣ ነፋሱን እንሰጠዋለን። የዋልታው በረዶ የት እንደሚቀልጥ፣ ከዚያም የኛ ክረምት እንዴት እንደሚሆን ይነግረናል።»

«ባሕር አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ዘንገና ሐይቅን።»

ወገኔ ሊስቅ ዳድቶት ደሙን ሲያይ ተወው። «እንጅባራን ምን አስመረጣችሁ?»

«ብርዱ። ማሽኑ ይሞቃል።»

«ማሽኑን የሚያዘው ማን ነበር?»

ወደ በሩ ዞር ብላ ድምጿን ቀነሰች። «እንየው። ዲፕሎማውን እንኳ አልጨረሰም፤ ራሱን ነው ያስተማረው። ስሌቱን በሙሉ የጻፈው እሱ ነው። ‹ጥናቱ ላይ ስሜ ካልተጻፈ የዚህን ወር ስሌት አላስነሳም› ብሎ ነበር።»

«ከውጭ ሆኖ ማስነሳት ይቻላል?»

«ኔትወርክ ከሰኞ ጀምሮ የለም። ከዚህ ወንበር ካልሆነ ትእዛዝ አይቀበልም።»

ወገኔ ግድግዳውን አየ። ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዱ አራት ሰዓት ይላል፣ ሌላው ሰባት። በሁለተኛው ሥር በእስክሪብቶ «የባሕሩ ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል።

ኮሪደሩ ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፤ የኃላፊው የዶክተር አሳምነው ፎቶ፣ ስሙ በጣት በሚወፍር ፊደል። ከታች፣ ጉንዳን በሚያህል ጽሑፍ፣ «ለጽዳትና ለጥገና አቶ እንየውን እናመሰግናለን» ይላል። ወገኔ ጎንበስ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

ዶክተሩ ወንበሩን በሶፍት ጠርጎ ነበር የተቀመጠው። እኩያውን ሰው «አንተ» አለው።

«ቶሎ በል፣ የውጭ እንግዶች አሉብኝ። ዘበኛው ተይዟል አይደል?»

«ትናንት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ስሌቱን ራሴ አስነሳሁና ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ዳንግላ ሄድኩ። ልጁን በሕይወት ነው የተውኩት። ይኸው ማሽኑ የጻፈው።» ወረቀት ወረወረለት። የዶክተሩ ስም አለበት፤ ሰዓቱ 09:04። «በፈረንጅ ዘጠኝ፣ በኛ ሦስት። ማንበብ ትችላለህ?»

«እንደምንም። ዳንግላ ስብሰባው ስንት ሰዓት ነበር?»

«ስምንት።»

«ለአንድ ሰዓት መንገድ ማልደዋል። ማሽኑ ክፍል ያለው ሁለተኛው ሰዓትስ?»

«የተበላሸ ነው፤ ሦስት ሰዓት ይቀድማል። ሰውየው ሰዓት እንኳ ማስተካከል አያውቅም ነበር።»

የጽዳት ሠራተኛዋ በቀለች ደግሞ ማክሰኞ በአምስት ሰዓት ለእንየው በሶ በጥብጣ ሰጥታው «እግዜር ይስጥሽ» እንዳላት ተናገረች። የሆስፒታሉ ሐኪምም ሞቱን ከአምስት እስከ ሰባት ባለው አስቀምጦታል።

ቢሻው ጣቢያ ነው። ወገኔ በአዊኛ ሲያናግረው ሽማግሌው ተነፈሰ።

«ቦዩን ስቆፍር አርፍጄ ድጅኖውን የኋላው በር ላይ አስደግፌ ተኛሁ፣ ጌታዬ። ዘበኛ ተኛ ማለት ነውር ሆኖብኝ ነው ዝም ያልኩት።»

«የኋላው በር ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

«ዶክተሩ ዘንድ ብቻ።»

ወገኔ ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ሁሉንም ማሽኑ ክፍል ሰበሰበ፤ ቢሻውም በካቴናው መጣ። ዶክተሩ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ።

«ናርዶስ፣» አለ ወገኔ፣ ወረቀቱን እያቀበላት፣ «ይህ 09:04 የየት አገር ሰዓት ነው?»

ወረቀቱን ገና ማየቷ ነበር። «የግሪንዊች፣ የዓለም ሰዓት መነሻ የሆነው። ባሕር የሚያሰላ ሁሉ በዓለም ላይ በአንድ ሰዓት ነው የሚሠራው። እንየው እንዳንሳሳት ብሎ ነው ሰዓቱን የሰቀለው።»

«ቀና በሉና እዩ።»

ሁሉም አዩ። የባሕሩ ሰዓት ዘጠኝ ሊል አንድ ደቂቃ ቀርቶታል። የኛው ስድስት ሊል አንድ ደቂቃ።

«ዶክተር ስሌቱን ያስነሱት በጧቱ ሦስት ሰዓት አይደለም፤ በስድስት ሰዓት ከአራት ነው። በአምስት ሰዓት እንየው በሶ ጠጥቷል። በስድስት ከአራት በዚህ ወንበር በኩል ትእዛዝ የሰጡት እርስዎ ነዎት፤ ወንበሩ ላይ ደግሞ ሬሳው ነበር። ጧት በፊት ለፊት በር ወጡ፣ በኋላው በር ተመለሱ። እንየው ስሙን ጠየቀዎት፤ እርስዎ የቢሻውን ድጅኖ አነሱ። ከዚያ እንየው ትእዛዙን ከጻፈበት ደብተር ላይ እያዩ፣ እንግዶቹ እንዲያዩት፣ በራስዎ ስም አስነሱት። ማሽኑ ዘጠኝ ብሎ ሲጽፍ የተበላሸ መሰለዎትና እግዜር የላከው ምስክር አደረጉት። ይህን ማሽን አንድ ቀን እንኳ ነክተውት ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን ቀዳደው በጣሉት ነበር።»

ሁለቱ ሰዓቶች ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ዶክተሩ ናርዶስን አየ፣ በቀለችን አየ። አንዳቸውም አላዘኑለትም።

«እኔ ባልቀጥረው በረሃብ ያልቅ ነበር!» ሲል ጮኸ። «ዲፕሎማ የሌለው ሰው ከኔ ስም ጎን ሊጻፍ?»

«ሰዓት ማንበብ ግን ያውቅ ነበር» አለ ወገኔ።

ካቴናውን ከቢሻው እጅ ፈታ። ሽማግሌው አንጓውን እያሻሸ ግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ወገኔ ዶክተሩን እጁን እንዲሰጥ አዘዘው።

ዶክተሩ ብረቱን አይቶ ፊቱን አኮማተረ። «የዘበኛው ላብ አለበት። አንዴ ይጠረግልኝ።»

ወገኔ ከነላቡ ቆለፈበት። ከዚያ ወደ ደጅ ወጥቶ አክ እንትፍ አለ።