የእንግዳ ፓስ

ኤቶሬን ያወቅሁት የባቡር ሠራተኞች አድማ በመቱ ቀን ነው። ጄኖቫ ውስጥ ባቡር ሲቆም ሰው ሁሉ ይራገማል፤ እሱ ግን ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደላድሎ ፎካቻ ዳቦውን ይገምጣል። አጠገቡ ተቀምጬ ዓይኔን ቁልጭ ቁልጭ ሳደርግ አየኝና ግማሹን ቆርሶ ዘረጋልኝ።

«ብይ እንጂ፤ ዛሬ እንደሆን የትም አንደርስም።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አልኩት። በላሁት ግን።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት ተዋደድን። እኔ ያዲራ፣ ከኢኳዶር መጥቼ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምሠራ፤ እሱ የወደብ ኤሌክትሪሺያን፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር። እናቱ ሲኞራ ዮሌ ክፉ ሴት አልነበሩም። በሄድኩ ቁጥር ግን ቆንጆ ቆንጆውን ሳህን ያወጣሉ፤ ልጠብ ብዬ ስነሳ «ኧረ ምን ሲደረግ! እንግዳ አያጥብም!» ብለው ያስቀምጡኛል። ያንን ሳህን ማጠብ እንዴት እንደምመኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

የክፍሌ የኪራይ ውል መስከረም ላይ ያልቅ ነበር። ኤቶሬ ደግሞ «ለአንድ ወር በባቡር እስከ ፖርቶ ከተማ እንሄዳለን፤ ስንመለስ እኛ ቤት ትገቢያለሽ። እናቴን እኔ አናግራታለሁ» ብሎኛል። ይህችን ተስፋ ይዤ ነበር ውዬ የማድረው።

በልደቴ ቀን ወር ሙሉ በየአገሩ የሚያሳፍረውን የባቡር ፓስ በፖስታ አሽጎ ሰጠኝ። ከፈትኩት። «ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖሩ እንግዶች» ይላል። የሱን አየሁት፤ የአውሮፓ ነዋሪ ነው የሚለው።

«ኤቶሬ፣ ይሄ የኔ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም? ፓስፖርትሽን አይቼ እኮ ነው የገዛሁት!»

«እዚህ መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ግን ያው የውጭ ሰው አይደለሽ?»

እየሳቀ ነው ያለኝ። ክፋት የለበትም። የባሰ ያመመኝም ይኸው ነው።

በማግስቱ ለማስቀየር ጣቢያው ቲኬት ቢሮ ሄድን። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ ሴት የመኖሪያ ፈቃዴን ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«ፓስፖርት አይደለም የሚታየው የኔ ልጅ፤ የምትኖሪበት አገር ነው። ላንቺ የሚሆንሽ የነዋሪው ነው። አድራሻሽ የት ነው? አብራችሁ ናችሁ?»

ዞሬ ኤቶሬን አየሁት። «ከመስከረም ጀምሮ አዎ» ቢል ይበቃኝ ነበር። እሱ ጫማውን ያያል።

«አይ፣ አይደለንም» አለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እናቴን ገና አላናገርኳትም» ሲል አንሾካሾከ።

«መቼ ነው የምታናግራት?»

«አትቸኩይ እንጂ ያዲራ። መጀመሪያ በጉዟችን እንደሰት።»

«ሦስት ዓመት ጠብቄ ቸኮልኩ?»

ሴትዮዋ ሁለታችንንም አየት አደረጉንና አንገታቸውን ደፍተው ፓሱን ቀየሩልኝ።

መስከረም ሲገባ ሌላ ክፍል በስሜ ተከራየሁና ዕቃዬን ብቻዬን አመላለስኩ። «በባቡሩ አብረኸኝ አትሄድም» ብዬው ስለነበር በጉዞው ቀን ኤቶሬ ጣቢያው ድረስ የመጣው ባዶ እጁን ነው። ተላጭቶ፣ የምወድለትን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ። እጄን ያዘኝ፤ አላስለቀቅኩትም። እወደው ነበር፤ ምን ልዋሽ።

«ትመለሻለሽ አይደል?»

«መመለሱንማ እመለሳለሁ፤ የምኖረው እዚህ ነው» አልኩት። «ወደ አንተ ግን አይደለም።»

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ጥቂት እርምጃ ተከተለኝ፣ ከዚያ ቆመ። እኔ እስከ ፈረንሳይ ድንበር አለቀስኩ። ተቆጣጣሪው መጥቶ ፓሴን አየና ለቅሶዬን እንዳላየ ሆኖ፣ «የጄኖቫ ሰው ነሽ?» ሲል ጠየቀኝ።

«አዎ» አልኩት። ኤቶሬ አጠገቤ ሆኖ በሰማኝ ብዬ እንደገና ሆድ ባሰኝ።