የተመረገው ቱቦ

አዳምን ያገኙት በ1995 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ነው። በአባቱ ላንድሮቨር ሥር ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። የብሎን መፍቻ ቺያቬው ከእጁ አልወደቀም። ቁስል የለበትም፤ ከንፈሩ እንደ ሕያው ሰው ቀልቷል። የመኪናዋ ቁልፍ እንደተከፈተ ነው፤ ቤንዚኗ አልቆ ሞተሯ ዝም ብሏል።

የጤና ባለሙያው መረመረውና «ጭስ ነው የገደለው» አለ።

አዳም እኮ ጥንቁቅ ነበር። አባቱ ዕድሜውን የነዳት ላንድሮቨር ባሕር ዛፍ ሥር አሥራ ሁለት ዓመት ቆማ ስትዝግ፣ ለገና አስነሣታለሁ ብሎ የድሮውን በረት ጋራዥ አደረገው። የብረት መቆንጠጫውን ሞርሳ ከመትከሉ፣ መፍቻውን በግድግዳው ላይ ከመደርደሩ በፊት ግን ግድግዳውን በስቶ ወደ ጓሮ የቆርቆሮ ቱቦ አሳለፈ። ሞተር ሲነሣ የመኪናዋን የጭስ ማውጫ ማርሚታ በጎማ ከቱቦው ጋር አገናኝቶ ጭሱን ሊያስወጣ ነው። በሩን የሚዘጋው ጎረቤት በጩኸት እንዳይማረር ብሎ ነው። ታናሽ ወንድሙ ኢያቄም በጓሮ ዞሮ ሲያይ የቱቦው አፍ በጨርቅና በጭቃ ተደፍኗል።

«ገደሉት!» ብሎ ጮኸ።

የሁሉም ዓይን ሞላ ላይ አረፈ። ሞላ መካኒክ ነው፤ የአዳም አብሮ አደግ። ያን ዕለት ጠዋት ከደሴ ካርቡራቶር ይዞ መጣ፤ ወዲያው ተጣሉ፤ «ይቺ መኪና ትቅበርህ!» ብሎ ሲወጣ መንደሩ በሙሉ ሰምቷል። እርግማን ከአፍ መውጣቱ ቀላል፣ መመለሱ እንጂ ጭንቁ። አሰሩት፤ ቅዳሜ ወደ ወልድያ ሊወስዱት ተቆረጠ።

ዓርብ፣ አዳም ከተቀበረ በኋላ፣ ኢንስፔክተር ምሥራቅ ደረሰች። መኪናዋ ተገፍታ ጉድጓዱ እንደተከፈተ ነበር። ይህ ሁሉ ለቀስተኛ ሲገባ ሲወጣ አንድ ሰው አልከደነውም፤ ሕፃን ቢወድቅበትስ? እሷ ሁለት ሳንቃ ፈልጋ አጋደመችበትና ወደ ሞላ ሄደች።

«ምን አጣላችሁ?»

«ሞተሯን አብረን እናስነሣት አልኩት። ‹የአባቴ ናት፤ መጀመሪያ ብቻዬን ልስማት› አለኝ። አራት ወር ዝገት ስፍቅ ብቻውን ነበር እንዴ? ተናደድኩ።»

«ደሴ መቼ ሄድህ?»

«ሰኞ። የተመለስኩት ሐሙስ ነው። ኢንስፔክተር፣ ወልድያ ከወሰዱኝ ማን ያምነኛል? ልጆቼ የነፍሰ ገዳይ ልጆች ተብለው ነው የሚያድጉት።»

ኢያቄም አስጎብኚ ነው። ምሥራቅ በለቅሶው ድንኳን በር አገኘችው።

«በረቱን ለዕቃ መሸጫ ትፈልገው ነበር ይሉሃል።»

«እፈልገው ነበር። አዳም ግን ‹ለፈረንጅ መስቀል ከምትሸጥ ና ጎማ ንፋ› ብሎ አላገጠብኝ። ሳቅን። በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ማክሰኞ የት ነበርህ?»

«ከሰኞ እስከ ረቡዕ እንግዶች ይዤ ይምርሐነ ክርስቶስ ነበርኩ። በቅሎ የሚያከራየንን ደርበውን ይጠይቁት።»

ጠየቀችው፤ እውነት ነበር።

የአዳም ሚስት ኤልሳቤጥ የታመመ አባቷን ልታስታምም ከእሑድ ጀምሮ ኮን ከተማ ነበረች። ድምፅዋ በልቅሶ ተዘግቷል።

«ስንለያይ ጎኑን ያመው ነበር። ቀዝቃዛ መሬት ላይ እየተኛ። ‹ለእናቴ እንዳትነግሪያት፤ በዚህ ፀሐይ ሦስት ጋቢ ታከናንበኛለች› አለኝ።»

እናቱ ወይዘሮ ደመቀች ምሥራቅን ስታይ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ሞላን ሳትሰቅሉልኝ እህል አልቀምስም!»

«እማማ፣ አዳም ጎኑን ያመው ነበር?»

«ደበቀኝ፤ እኔ ግን አውቅ ነበር። እናት አይደለሁ? ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ምላጭ ነው። አባቱንም የበላው ብርድ ነው። እንደው ልጄን ከብርድ ሳስጥለው ኖሬ፣ ሰው ይንጠቀኝ?»

ምሥራቅ መጻፏን አቆመች። ወደ ጓሮ ሄዳ ጭቃ አቡክታ የቱቦውን አፍ በገዛ እጇ መረገችው።

ቅዳሜ፣ አዳም በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ሠልስት ነው። ምሥራቅ ቤተሰቡን ጓሮ ሰበሰበች፤ ሞላንም በካቴና አስመጣችው። የሚወስደው መኪና ደጅ ቆሟል። ከፌስታል ውስጥ ፖሊስ ሐሙስ የነቀለውን ጭቃ አወጣች።

«ይህ ሐሙስ በስድስት ሰዓት ሲነቀል ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ቱቦው ላይ ያለውን ትናንት የመረግሁት እኔ ነኝ። ንካው፣ ኢያቄም።»

ኢያቄም ነካው። ጣቱ ሰመጠ። «ገና እርጥብ ነው።»

«እዚህ ፀሐይ አይደርስም። ስለዚህ ያኛው የተመረገው ሐሙስ ጠዋት አይደለም፤ ማክሰኞ ግድም ነው። ማክሰኞ ሞላ ደሴ ነበር፤ የአውቶቡስ ቲኬቱን አይቻለሁ፣ ያደረበትም ቤት መስክሯል። አንተ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ኤልሳቤጥ ኮን።»

«አስቀድሞ ወጥመድ ያጠመደ ሌላ ሰው ቢኖርስ?» አለ ኢያቄም።

«እኔም አስቤዋለሁ። ግን ማክሰኞ መኪናዋ ካርቡራቶር የላትም፤ ያለሱ ሞተሯ አይነሣም፤ ጭስ የላትም። ያን ቀን በዚህ ቱቦ የሚያልፈው ነፋስ ብቻ ነው። ወጥመድ የሚያጠምድ ደግሞ ይደብቃል። ይሄ ንጹሕ የጋቢ ቁራጭ ነው። ጭቃው ከአመድ ጋር ታሽቷል፤ እንደ ጠላ ጋን አፍ ዙሪያውን በመዳፍ ተለስኗል። ሐሙስ ሞተሩ ሲነሣ ጭሱ መውጫ አጣና በጎማው መጋጠሚያ በኩል ወደ ቤት ተመለሰ። አሁን ፊቱን እዩት።»

ጭቃውን ገለበጠችው። በደረቀው ፊት ላይ በጣት የተሳለ መስቀል አለ።

«ሊገድል የመጣ ሰው አያማትብም» አለች።

እዚህ ላይ ብታቆም በወደደች። ግን ሞላ እጁ ታስሮ ቆሟል፤ የደጁ መኪና ሞተሩን አስነሥቷል።

«እማማ ደመቀች» አለች ቀስ ብላ፣ «ገዳይ የለም።»

ደመቀች ቀረብ ብላ ጣቷን በመስቀሉ ላይ አኖረች። ልክ ገጠመ።

«በስመ አብ ብዬ ነው የመረግሁት» አለች። «ጉድጓዱ ውስጥ ሲያስል ሰማሁት። የጭስ መውጫ መሆኑን ማን ነገረኝ? እኔ ያየሁት ቀዳዳ ነው፤ ብርድ የሚገባበት ቀዳዳ።» ሁለት እጇን ዘረጋች። «እሰሪኝ፣ ልጄ።»

ኤልሳቤጥ ፊቷን ሸፈነች። ኢያቄም እናቱን ሊይዛት ተራመደ፤ መሐል ላይ ቆመ።

«እጅዎን ይመልሱ፣ እማማ። እኔ የምጽፈው አደጋ ብዬ ነው።» ምሥራቅ ዞር ብላ የሞላን ካቴና ፈታች። ደጅ ያለው ሾፌር ሞተሩን አጠፋ።

ሞላ ሁለት ሌሊት በሸሚዝ ብቻ አድሯል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ደመቀች አየችው። እጇ ሳታዘው ጋቢዋን ከትከሻዋ ገፎ ወደ እሱ ሄደ፤ ሊደርስ ሲል ቀጥ አለ።

«እንጃ፣ ሞላዬ» አለች፤ «እጄን ፈራሁት።»

«ያልብሱኝ፣ እምዬ» አለ ሞላ። «በርዶኛል።»

ጎንበስ ብሎ ጠበቃት። እሷ ጋቢውን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች።