በመፍቻ ሣጥን የገቡ እንግዶች

«ቁልፉን አዙሪውና እንገላገል» አለ ፍሬአብ፣ ከሐዲዱ ማዶ ራቅ ብሎ ቆሞ። ጀግንነቱ ሁሌም ከሩቅ ነው።

የክበብ ጓደኛው ሮዳስ ግን ከትንሿ የናፍጣ ባቡር አልወረደችም። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ባለው የመፍቻ ሣጥን ንቦች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ጥፋቱ የራሷ ነው። ትናንት ሣጥኑን አጽድታ፣ እንዳይዝግ ብላ የአባቷን ሰም ቀባችው፤ ክፍቱንም ትታው ሄደች። አባቷ፣ ንብ አናቢው ባየ፣ ንብ መጥራት ሲፈልግ ባዶ ቀፎ የሚቀባው ያንኑ ሰም ነው። በቴፒ ጫካ ዳር የንብ አናቢ ልጅ ይህን መርሳቷ ያስቃል።

ባቡሯ ዱሮ ለእንጨት መሰንጠቂያው ግንድ ታመላልስ ነበር። መሰንጠቂያው ሲዘጋ ቁጥቋጦ ዋጣት። የትምህርት ቤቱ የቴክኖሎጂ ክበብ ልጆች ዝገቷን ፍቀው፣ ሞተሯን ፈትተው አጥበው፣ ቢጫ ቀለም ቀቧት። ዛሬ ሰው አሳፍራ እስከ ወንዙ ልትሄድ ነው። ለመንዳት ዕጣ የወጣላት ደግሞ ሮዳስ ናት።

አባቷ ባቡሯን «ያ ቁርጥራጭ ብረት» ይላታል፤ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አላያትም። ዛሬ ግን እመጣለሁ ብሏል። ነገ ቀፎ ሊሰቅል ጫካ ይገባል፣ ከገባም ቶሎ አይመለስም።

«ሞተሩ ሲነሳ ጭሱ ጥርግ ያደርጋቸዋል» አለ ፍሬአብ። «አባትሽ ሳይደርስ በቃ፣ አለቀ።»

«ብዙዎቹ ይሞታሉ እኮ።»

«ንብ ናቸው ባክሽ፣ ዘመዶችሽ አይደሉ።»

እነሮዳስ ቤት ግን ንብ ከዘመድ አያንስም። ራሱ መጥቶ የገባ ንብ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ በጭስ አይሸኝም ይላል አባቷ። ሮዳስ ቁልፉን ያዘች። አባቷ ስትነዳ እንዲያያት በጣም ትፈልጋለች። ከዚያ ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተችና ወረደች።

ባየ ከተጋባዦቹ ቀድሞ ደረሰ።

«አባዬ፣ ዛሬ አልነዳም» አለችው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «እንግዳ ገብቶብናል።»

ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን አየ፤ አሸተተ። «ሰሙን ማን ወሰደው እያልኩ ነበር» አለና ሳቀ። «እኔ ስንት ዛፍ ወጥቼ እለምናቸዋለሁ፣ አንቺ በብረት ሣጥን ትጠሪያቸዋለሽ።»

«አሁን ምን ይሻላል?»

«ቀፎ አመጣለሁ። አውራዋ ከገባች ሌሎቹ ይከተላሉ። እስኪመሽ ተሰብስበው ያልቃሉ፤ ነገ ጠዋት ትነጃለሽ።»

«ነገ እኮ ጫካ ትገባለህ።»

ባየ ቢጫውን ቀለም በመዳፉ ዳሰሰው።

ሮዳስ ትንሽ አሰበችና ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችው።

«ሌላ ቁልፍ የላትም፤ እስከ ጠዋት አንተ ጋ ይቀመጥ» አለችው።

አባቷ ቁልፉን አገላብጦ አየው፤ ከማር መቁረጫ ቢላዋው ጋር ኪሱ ከተተና ቀፎ ሊያመጣ ሄደ።