የካፒቴኑ የራስ ቁር

የፊልሙ ዳይሬክተር የተገኘው ለቀረጻ በተሠራው የጠፈር መንኮራኩር ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቆ ነው። አራት ጊዜ ተመቷል። ደሙ የብር ቀለም በተቀባው ግድግዳ ላይ እስከ ጣሪያው ተረጭቷል። መንኮራኩሩ ከሩቅ ያስደንቃል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ኮምፔርሳቶና የድስት ክዳን ነው። ፊልሙ ጊዜን ወደ ኋላ አዙሮ ሙታንን ሊያስነሳ ነበር የታሰበው፤ የመንኮራኩሩ በር ግን እንኳን ጊዜን ሊሻገር፣ በቅጡ አይዘጋም።

ባልደረቦቹ «አይቸኩሌ» የሚሉት መርማሪ ሲደርስ ሠራተኞቹ አናጺውን መሬት ላይ ጥለው ይረግጡት ነበር። አፍንጫው ተሰብሯል።

«ተዉት! ምን አደረገ?»

«ጠዋት ‹በመዶሻ ነው የምፈጠፍጥህ› ሲለው ሁላችንም ሰምተናል» አለ ካፒቴኑን የሚጫወተው ተዋናይ፣ እያለከለከ።

«ብያለሁ!» አለ አናጺው ደም እየተፋ። «መወጣጫው አይችልም እያልኩት አይደል እንዴ ሰውዬውን ያስጨረሰው! ግን አልነካሁትም፤ ልጆቼን ይንሳኝ!»

«የትኛውን ሰውዬ?»

ካሜራማኑ ነገሩን አስረዳ። ከሦስት ሳምንት በፊት በተዋናዩ ምትክ የሚወድቀው ሰው ከመንኮራኩሩ አናት ሲዘል መወጣጫው ተሰብሮ ሞቷል። «የእሷ ወንድም ነው» አለ፣ ጥግ ላይ ደብተር አቅፋ ወደተቀመጠችው ሴት እያመለከተ። የእሷ ሥራ እያንዳንዱ ቀረጻ ሲያልቅ ዕቃው ሁሉ የት እንደነበር ፎቶ ማንሳትና በሚቀጥለው ቀረጻ ቦታው እንዳይዛባ መጠበቅ ነው።

«ነፍስ ይማር» አላት መርማሪው። «በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ግቢው ውስጥ፣ ዛፉ ሥር። ከረፋዱ ቀረጻ በኋላ እዚህ ድርሽ አላልኩም።»

መርማሪው ለጊዜው አናጺውን በካቴና አስሮ ክፍሉን ዞረ። ወንበሩ ተገልብጧል፤ መብራቱ ተሰባብሯል። ጎኑ ላይ ጭረት ያለበት የካፒቴኑ የብረት የራስ ቁር ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አንስቶ ሥሩን አየ።

«ቁሩ ጠዋት የት ነበር?»

«ወንበሩ ላይ መሰለኝ» አለ ተዋናዩ።

«ጠረጴዛው ላይ» አለ ካሜራማኑ። «እንዴት እንደነበር ግን እሷን ይጠይቁ።»

መርማሪው ፎቶዎቿን ተቀብሎ፣ ሁሉንም አስወጥቶ ብቻውን ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ሁሉንም በጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበ።

«የአናጺው መዶሻ ከተሰቀለበት አልተነሳም» ሲል ጀመረ። «ደም ላዩ ላይ ተረጭቷል፤ ከጀርባው ያለው ግድግዳ ግን ንጹሕ ነው። ቁሩ ተቃራኒው ነው። እሱ ተጠርጓል፤ ደሙ ያለው ከሥሩ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስለዚህ የተቀመጠው ከግድያው በኋላ ነው። ዳይሬክተሩ የተገደለውም በእሱ ነው።»

አናጺው ማልቀስ ጀመረ።

«ግራ ያጋባኝ ሌላ ነው። ሬሳ እግሩ ሥር ወድቆ፣ ገዳዩ ቁሩን ከጠርዙ ሁለት ጣት አርቆ፣ ጭረቱን ወደ በሩ አዙሮ አስቀመጠው። ልክ እንደ ረፋዱ ፎቶ! ካፒቴኑ ራሱ ቁሩ የት እንደነበር አያውቅም። እጁ የለመደ ሰው ካልሆነ ማን እንዲህ ያደርጋል? እናንተ ከመግባታችሁ በፊት ወደ ግድግዳው አዙሬው ነበር። አሁን እዩት።»

ሁሉም አዩ። ጭረቱ ወደ በሩ ዞሯል። የሴትዮዋ እጅ ገና ቁሩ ላይ ነበር።

ተዋናዩ ሊያንቃት ተወረወረ፤ ካሜራማኑ በቡጢ መልሶ ጣለው።

«ፊልሙ ውስጥ ይኑርልኝ ብዬ ነው ሥራውን ያልተውኩት» አለች። «የወንድሜ የመጨረሻ ምስል ነው። ዛሬ በምሳ ሰዓት ዳይሬክተሩ ጠራኝና ‹አወዳደቁ አላሳመነኝም፤ ቆርጬ ጥየዋለሁ፤ ሌላ ሰው ይወድቃል› አለኝ። ሞቶ እኮ ነው! ሞቶም አላሳመነውም!»

መርማሪው ካቴናውን ከአናጺው እጅ ፈታ። ወደ እሷ ሲዞር እርስዎ ማለቱን ረስቶት ነበር።

«እህቴ፣ ቁሩን ወርውረሽ ብትሄጂ ኖሮ ማንም አይደርስብሽም ነበር። ለምን ቦታው መለስሽው?»

ጥያቄው እንዳልገባት ሁሉ አየችው።

«ከሰዓት ቀረጻ ነበረን» አለች።