የፒካፗ አፍንጫ

የፒካፗ አፍንጫ ወደ ሰማይ ተንጋጧል፤ ኋላዋ ደግሞ እስከ ታርጋዋ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ሉሊት ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ የሩዝ ማሳው ግድብ ላይ ቆማ ታያታለች። ከስምንቱ የዘር ሩዝ ጆንያ ሦስቱ ውኃ ውስጥ ወድቀዋል።

«መሪውን ወደ ግራ አዞራለሁ፣ እሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች!» አለ አባቷ፣ እንግዳው የሚባለው፣ ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ። «የፊት ጎማዋ መሬት የነካ አይመስልም። መካኒኩን ታጁን ምን በደልሁት? ምን አድርጌው ነው እንዲህ የሚሠራኝ?»

የሩዙ ባለቤት እማማ ይርገዱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ጆንያ መጎተት ጀምረዋል። «አንተም ተርፈሃል፣ ልጅቱም ተርፋለች። ዘሩን እናሰጣዋለን። ተው አሁን አትጩህ» አሉት።

ሉሊት ግራ ገብቷታል። መኪናዋን የለካችው እሷ ናት፤ ሜትሩም ልክ ነው፤ ቁጥሩም ልክ ነው። ታዲያ ልክ የሆነ ቁጥር መኪና ጭቃ ውስጥ እንዴት ይከታል?

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። ክረምት ሲገባ የፎገራ ሜዳ መንገዱ ሁሉ ዋልካ ይሆናል። የእንግዳው ፒካፕ ደግሞ ከፊቷ ዝቅ፣ ከኋላዋ ከፍ ያለች ስለሆነች ግድብ በተሻገረች ቁጥር አፍንጫዋ መሬት ይፍቃል። እንግዳው ፊቷ ከፍ ብሎ ከኋላዋ እንዲስተካከል ፈለገ። መካኒኩ ጋሽ ታጁ የታመሙ እህታቸውን ሊጠይቁ ባሕር ዳር ይሄዱ ስለነበር፣ የፊት ሞላው ላይ ገብቶ ፊቷን የሚያነሳውን የብረት ቀለበት እዚያው ቶርኖ ቤት አስቆርጣለሁ አሉ። ከዚያው ደወሉ። እንግዳው ስልኩን ቤት ረስቶ ወጥቶ ነበርና ያነሳችው ሉሊት ናት።

«እንኳን አንቺ አነሳሽው! ሰአዳ በሒሳብ አንቺን የሚያህል የለም ትለኛለች» አሉ ጋሽ ታጁ። ሰአዳ ልጃቸው ናት፤ ከሉሊት ጋር ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። «በይ፣ ከጎማው መሐል እስከ ላይኛው የቆርቆሮ ጠርዝ ያለውን ለኪልኝ፤ የፊቱንም የኋላውንም። ስሚኝ ደግሞ፣ ጆንያው ተጭኖባት ነው የምትለኪያት። ባዶዋን እንዳይሆን።»

ፒካፗ ግን ግቢ ውስጥ ባዶዋን ቆማለች። ስምንት ኩንታል ማን ይጭናል? ደግሞስ ብረት ብረት ነው፤ ተጫነበት አልተጫነበት ቁመቱ ያው አይደል? አለች ሉሊት በልቧ። የእናቷን የልብስ ስፌት ሜትር አውጥታ ለካች። ፊት አርባ ስምንት፣ ኋላ ሃምሳ አራት። መልሳ ደወለች።

«ተጭኖባትም ልዩነቱ ስድስት ሴንቲ?» አሉ ጋሽ ታጁ ገርሟቸው። «ተጭኖባት ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

ትንሽ ቃል ናት። ከአፏ ስትወጣ እንኳ አልከበደቻትም።

ቀለበቶቹ በሚኒባስ ተላኩ፤ የጋራዡ ረዳት ሰውመሆን ገጠማቸው። ፒካፗ ቀጥ አለች። አላፊ አግዳሚው አያት፤ እንግዳውም እንደ ሙሽራ ዞሮ ዞሮ አያት። ይኸው የመጀመሪያው ጭነት ሲጫንባት ጭቃ ውስጥ ገባች።

በትራክተር ተጎትታ ከወጣች በኋላ እንግዳው በቀጥታ የሄደው ወደ መገንጠያው ነው፤ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ወደሚለያዩበት። ሾፌር ሁሉ እዚያ ይቆማል። ወረታ መገንጠያ ላይ ጠዋት የተነገረ ነገር ከሰዓት ደብረ ታቦር ይደርሳል።

«ከዛሬ ጀምሮ ታጁ ጋ መኪናችሁን አታስነኩ!» አለ፣ ጭቃው ሳይደርቅለት።

በማግስቱ ሰአዳ ክፍል ስትገባ ዓይኗ አብጧል። ቦርሳዋን ዴስኩ ላይ ወረወረችው።

«አባትሽ ግን ትንሽ ሼም የለውም? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!»

«ሰአድዬ፣ እኔ…»

«ዛሬ ጠዋት ሁለት መኪና ከበራችን ተመለሰ። አባየም ከባሕር ዳር ተመልሷል። ያንቺን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ያየዋል፣ ያየዋል። ‹ልጅቱስ ደህና አድርጋ ነግራኛለች፤ የሳትሁት እኔ መሆን አለብኝ› ይላል።»

ሉሊት ምን ብላ ትጀምር? ዋሽቻለሁ እንዳትል፣ ቁጥሩ እውነት ነው። አልዋሸሁም እንዳትል፣ ያቺ «አዎ» የምትል ቃል አለችባት። ደወሉ ተደወለ፤ መምህሩ ገባ። ቀኑን ሙሉ ደብተሯ ላይ መኪና ስትሥልና ስታጠፋ ዋለች።

ከትምህርት ስትመለስ ሩዝ መፈልፈያው በር ላይ የአንድ ሰው ፒካፕ ሲጫን አየች። ቆመች። ሜትሩ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። አወጣችና መጀመሪያ ፊቱን ለክታ የኋላ ጎማው ጋ ቁጢጥ አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቀሚስ ልትሰፊላት ነው?» ብሎ ሳቀባት አንዱ ጫኝ።

ሃምሳ ሦስት። አንድ ጆንያ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጆንያው በወደቀ ቁጥር ኋላዋ ትንሽ ትንሽ ትሰምጣለች። በስምንተኛው አርባ ሰባት ሆነ። ሮጣ ፊቱን ዳግም ለካች፤ እሱ ከቦታው ንቅንቅ ያለም አይመስል።

ለካ መኪና ባዶዋን ሌላ፣ ተጭና ሌላ ናት! ለካ ኋላዋ ከፍ ብሎ የቆመው ጆንያውን እየጠበቀ ነው! ያ ገባት። ያልገባት፣ ያቺ ትንሽ ቃል ከግቢያቸው ወጥታ እስከ ሰአዳ ዓይን ድረስ እንዴት እንደሄደች ነው።

የጋሽ ታጁ ጋራዥ ስትደርስ ፒካፗ ምንም ያላጠፋች መስላ ባዶዋን ቀጥ ብላ ቆማለች። አባቷ ጥፋቱን ሊያሳይ አምጥቷት፣ ክንዱን አጣምሮ በሩ ጋ ቆሟል። ጋሽ ታጁ ተንበርክከው ይለካሉ፤ ይነሳሉ፤ መልሰው ይለካሉ።

«ቀጥ ያለች ናት እኮ» አሉ ለራሳቸው ያህል። «በነገረችኝ ከሆነ ባዶዋን ኋላዋ ገና ከፍ ማለት ነበረበት። እንጃ፣ አርጅቻለሁ መሰል።»

ሉሊት ወደ እሳቸው ቀረበች።

«አላረጁም ጋሼ» አለች። «ያን ዕለት ባዶዋን ነው የለካኋት። ሲጠይቁኝ አዎ ያልኩት… እንዲሁ ነው ያልኩት። ለውጥ ያለው አልመሰለኝም።»

ሰውመሆን መዶሻውን አቆመ። እንግዳው ልጁን አየ፣ ጋሽ ታጁን አየ፣ ከዚያ ጫማው ላይ የደረቀውን ጭቃ።

ጋሽ ታጁ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ፊታቸው ይቈጡ ይሳቁ አያስታውቅም። «ቀለበቱን እናሳሳለን፣ ከኋላ ጭነቱን የሚችል አንድ ቅጠል ባሌስትራ እንጨምራለን» አሉ ቀስ ብለው። «ግን አሁን ጭናችሁ አምጧት። ተጭና ልያት።»

እንግዳው ሞተሩን አስነሳ። ሉሊት አጠገቡ ገባች። ከበሩ እንደወጡ መሪውን ወደ ሩዝ መፈልፈያው አዞረ።

«በዚያ በኩል አይደለም አባየ» አለች።

«ሩዙ ያለው በዚህ አይደል?»

«ነው። መጀመሪያ ግን መገንጠያው ጋ አውርደኝ፤ ለሾፌሮቹ የምነግረው አለኝ።»

እንግዳው ፍሬን ያዘ። ከዚያ መሪውን መለሰ።

«እኔም እወርዳለሁ» አለ።